"ወለድ የለውም" ሲሉን፦ በካርድ ማሽን በኩል የሚመጣው ገንዘብና የጀመዓችን ድርሻ





እዚህ አሜሪካ ሱቅ፣ ካፌ፣ ምግብ ቤት ወይም የእንጀራ መጋገሪያ ያላቸው የማኅበረሰባችን አባላት ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ። የካርድ ማሽን ያቀረበላቸው ድርጅት፣ ወይም ስማቸውን ከየት እንዳገኘ የማያውቁት ሌላ ድርጅት መልእክት ይልክላቸዋል። "20 ሺህ ዶላር ተፈቅዶልዎታል፤ ነገ ሒሳብዎ ውስጥ ይገባል፤ ወለድ የለውም፤ ከየዕለቱ የካርድ ሽያጭዎ ትንሽ ትንሽ እየተቀነሰ ይከፈላል" ይላል። ጥያቄያቸው አጭር ነው፦ ወለድ ከሌለው ሐላል ነው ማለት ነው?

እኔ ዓሊም አይደለሁም። ሥራዬ የአነስተኛ ንግድ ቤቶችን ሒሳብ መያዝ ስለሆነ ግን እነዚህ ውሎች በእጄ ያልፋሉ። ሰዎቹ አንዳንዴ ከመፈረማቸው በፊት፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ከፈረሙ በኋላ ያማክሩኛል። ስለዚህ ፈትዋውን ለዑለማዎቻችን ትቼ ገንዘቡ እንዴት እንደሚሠራ፣ ጥያቄውም ማንን እንደሚመለከት የሚታየኝን ልጻፍ። ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር፦ "ይህ ገንዘብ ሐላል ነው ወይ?" የሚለው ጥያቄ ለነጋዴው ብቻ ከቀረበ ግማሹ ተረስቷል። ቀሪው ግማሽ መላውን ጀመዓ ይመለከታል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካርድ ለማንበብ የሚከፈለው

ከገንዘቡ በፊት ስለ ማሽኑ እንነጋገር፤ ሁለቱ በአንድ ድርጅት በኩል ስለሚመጡ ብዙዎቻችን እንቀላቅላቸዋለን።

ደንበኛ በካርድ ሲከፍል ከሽያጩ ላይ ክፍያ ይቆረጣል። ክፍያውን ካርዱን የሰጠው ባንክ፣ እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ያሉት የካርድ ድርጅቶች እና ማሽኑን ያቀረበው ድርጅት ይካፈሉታል። ለአነስተኛ ንግድ ከሚቀርቡት የተለመዱ ተመኖች አንዱ 2.6 በመቶ ሲደመር 15 ሳንቲም ነው። በዚህ ተመን በ12 ዶላር ምሳ ላይ 46 ሳንቲም ገደማ ይሄዳል። በ3 ዶላር ማኪያቶ ላይ 23 ሳንቲም ይሄዳል፤ ይህ ከ7 በመቶ ይበልጣል። ጥቂት ጥቂት እየቸረቸረ የሚኖር ሰው ብዙ ከሚሸጠው ይልቅ በመቶኛ ሲታይ የበለጠ ይከፍላል። በአውሮፓ ኅብረት በ2015 የወጣው ደንብ ለካርድ ሰጪው ባንክ የሚደርሰውን ድርሻ በግለሰብ ዴቢት ካርድ ላይ በ0.2 በመቶ፣ በክሬዲት ካርድ ላይ በ0.3 በመቶ ገድቦታል። አሜሪካ ውስጥ ለክሬዲት ካርድ እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ጣሪያ የለም።

ይህ ክፍያ ውድ ነው ልንል እንችላለን፤ ተወዳዳሪ ድርጅት ፈልገን ማስቀነስም እንችላለን። ነገር ግን ለተሠራ ሥራ የሚከፈል ዋጋ ነው። ገንዘቡ ከደንበኛው ባንክ ወደ እኛ ባንክ በሰላም እንዲደርስ የደከመ አለ። በእስላማዊ ትብብር ድርጅት ሥር የሚገኘው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ በ2000 ሪያድ ላይ ባደረገው ጉባኤ ወለድ የሚያስከፍለውን ክሬዲት ካርድ ከልክሎ፣ ባንኩ ከነጋዴው ሽያጭ ላይ ኮሚሽን መውሰዱን ግን ፈቅዷል። ቅድመ ሁኔታም አስቀምጧል፤ ነጋዴው በካርድ ለሚከፍለውም በካሽ ለሚከፍለውም በአንድ ዋጋ መሸጥ አለበት። "በካርድ ከሆነ 4 በመቶ ይጨመራል" የሚል ወረቀት የለጠፍን ሱቆች ይህንን ነጥብ ይዘን ኢማማችንን ብንጠይቅ መልካም ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው መለያ ይህ ነው፦ የምከፍለው ለምንድን ነው? ለሥራ ነው ወይስ ለጊዜ? የካርድ ማንበቢያው ክፍያ ለሥራ ነው። ወደሚቀጥለው እንሂድ።

ውሉ ምን ይላል?

በእንግሊዝኛ "መርቻንት ካሽ አድቫንስ" የሚባለው ውል ራሱን "ብድር" ብሎ አይጠራም። የሚለው "የወደፊት ሽያጭ ግዢ" ነው። ድርጅቱ ወደፊት በካርድ ከምትሸጡት ውስጥ 26 ሺህ ዶላር የሚሆነውን ዛሬ በ20 ሺህ ይገዛችኋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት "ወለድ" አይባልም። "ፋክተር ሬት" ተብሎ 1.3 ተብሎ ይጻፋል። 1.3 ትንሽ ቁጥር ትመስላለች።

በምሳሌ እናስላው። አንድ ካፌ በቀን 800 ዶላር በካርድ ይሸጣል እንበል። 15 በመቶው፣ ማለትም 120 ዶላር፣ በየቀኑ ይቆረጣል። በወር 26 ቀን ከሠራ 26 ሺሁን ለመጨረስ ስምንት ወር ከጥቂት ቀናት ይፈጅበታል። "30 በመቶ ነው" ብሎ የሚያስብ ሰው አንድ ነገር ይዘነጋል፤ ክፍያው የሚጀምረው ከመጀመሪያው ቀን ስለሆነ 20 ሺሁ ሙሉውን ጊዜ እጁ ላይ አይቆይም። በአማካይ ሲታይ እጁ ላይ የቆየው ግማሹ ገደማ ነው፤ እሱም ዓመት አልሞላም። ባንክ ብድርን በሚያሰላበት መንገድ በዓመት ሲሰላ ከ70 በመቶ ያልፋል። ሥራው ተሳክቶለት ሽያጩ እጥፍ ቢሆን ደግሞ ዕዳው በአራት ወር ያልቃል፤ የሚከፍለው ግን ያው 26 ሺህ ነው። ስለዚህ በዓመት ሲሰላ ዋጋው እንደገና እጥፍ ገደማ ይሆናል። ብዙ ውሎች ቀድሞ ለጨረሰ ቅናሽ አያደርጉም።

"ሽያጭ" የሚለው ቃል የተመረጠበት ምክንያት አለው። በኒው ዮርክ ሕግ ብድር ላይ በዓመት ከ25 በመቶ በላይ ወለድ ማስከፈል ወንጀል ነው። ብድር ካልተባለ ግን ጣሪያው አይነካውም። ፍርድ ቤቶቹ እዚህ ላይ ምን እንደሚጠይቁ ማወቅ ይጠቅማል፤ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ስም ብቻ አይረኩም። ሽያጩ ሲቀንስ የሚቆረጠው በእርግጥ ይስተካከላል ወይ? ውሉ የተወሰነ የማብቂያ ቀን አለው ወይ? ነጋዴው ቢከስርስ ገንዘብ ሰጪው ይጠይቀዋል ወይስ ኪሳራውን ይቀበላል? ብለው ይመረምራሉ። በጥር 2025 የኒው ዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በአንድ ትልቅ የዚህ ዓይነት ገንዘብ አቅራቢ ላይ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ፍርድ ማግኘቷን አስታውቃለች። የክሱ ጭብጥ "ግዢ" የተባሉት ውሎች እጅግ ከፍተኛ ወለድ ያለባቸው ብድሮች ናቸው የሚል ነበር። ከገንዘቡ ውስጥ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚሆነው ነጋዴዎች አለባቸው ተብሎ የነበረ ዕዳ ስረዛ ነው።

በፉቀሃዎቻችን ዘንድ የታወቀ መርህ አለ፤ በውል ውስጥ የሚታየው ዓላማውና ትርጉሙ ነው፣ የተጠቀሙበት ቃል አይደለም። የዓለማዊው ፍርድ ቤት ጥያቄም የኛ ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ከሚጠይቁት የራቀ አይደለም፦ ኪሳራው የማን ነው?

መጋራት ነው ወይ?

ለዚህ ገንዘብ የሚከራከሩ ሰዎች ያላቸውን ጥሩ ነጥብ መደበቅ ተገቢ አይደለም። "ገበያ ሲቀዘቅዝ የሚወስዱት ይቀንሳል፤ ሱቁ ተዘግቶ በዋለበት ቀን ምንም አይወስዱም። ቢዘገይም ዕዳው አይጨምርም። ባንክ ለአንድ ስደተኛ ዶላር ሳይሰጥ እነሱ አምነው ሰጡ። ይህ ከሙዷረባ በምን ይለያል?" ይላሉ። ይህ በጥሞና ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ነው።

በሙዷረባ አንዱ ገንዘብ ያመጣል፣ ሌላው ጉልበትና ሙያ ያመጣል። ሁለቱም የሚካፈሉት ትርፍን ነው። ያለ ሠራተኛው ጥፋት ኪሳራ ከመጣ ገንዘብ ያመጣው ገንዘቡን ያጣል፣ የሠራውም ድካሙን ያጣል። በእኛ ውል ግን የሚቆረጠው ከሽያጭ ነው። ካፌው 800 ዶላር ሸጦ ለወተት፣ ለቡና፣ ለኪራይና ለሠራተኛ 850 ባወጣበት ቀንም 120ው ይሄዳል። ገንዘብ ሰጪው የተጋራው መዘግየቱን ነው። ኪሳራውን አልተጋራም። ብዙዎቹ ውሎች ደግሞ ባለቤቱ በግሉ ዋስ እንዲሆን ያስፈርማሉ፤ አንዳንዶቹም በሽያጭ መቶኛ ፋንታ በየዕለቱ ቋሚ ገንዘብ ከባንክ ሒሳቡ ይወስዳሉ።

"ሽያጭ ነው" የሚለው ስምም ቢሆን ችግሩን አያቃልለውም፤ እንዲያውም ያከብደዋል። የተሸጠው ምንድን ነው? ቡና አይደለም፣ ዱቄት አይደለም፣ ማሽን አይደለም። ዛሬ የሚሰጥ ገንዘብ ነገ በሚመጣ የሚበልጥ ገንዘብ ተለወጠ። ገንዘብ በገንዘብ ሲለወጥ አንድ ዓይነት ከሆነ እኩል በእኩል፣ እጅ በእጅ መሆን እንዳለበት ከሐዲስ የምናውቀው ነው። ስለዚህ "ብድር" ብንለው ጭማሪው አራጣ ነው፤ "ሽያጭ" ብንለውም ከዚያው በር ይገባል።

"ሙራበሐስ ያው አይደለም ወይ?"

ይህን ስል ሁልጊዜ የሚነሳ ተቃውሞ አለ። "እስላማዊ ባንክ የ10 ሺህ ዶላር ምድጃ ገዝቶ በ12 ሺህ በየወሩ ክፍያ ይሸጥልሃል። እዚያም ሁለት ሺህ ትከፍላለህ፤ እዚህም ትከፍላለህ። ልዩነቱ ጥምጣም ማድረጉ ብቻ ነው" ይሉኛል።

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ (2፥275) አራጣ የሚበሉ ሰዎች "ንግድም እንደ አራጣው ነው" ማለታቸውን ይነግረናል፤ አላህ አንዱን እንደፈቀደ ሌላውን እንደከለከለም ወዲያው ያስከትላል። በሐዲስም ቢላል (ረ.ዐ.) ሁለት ቁና ዝቅተኛ ቴምር ሰጥተው አንድ ቁና ምርጥ ቴምር ሲለውጡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህ አራጣው ራሱ እንደሆነ ነግረዋቸዋል። ዝቅተኛውን በገንዘብ ሸጠው በዚያ ገንዘብ ምርጡን እንዲገዙም አዘዋቸዋል። ውጤቱ ለተመልካች አንድ ሊመስል ይችላል። መንገዱ ግን ለውጥ አለው፤ በመካከሉ እውነተኛ ገበያና እውነተኛ ዋጋ ገብቷል።

በሙራበሐ ምድጃው መጀመሪያ የሻጩ መሆን አለበት። ለእኔ ከማስረከቡ በፊት ቢቃጠል ወይም ቢሰበር ኪሳራው የእሱ ነው። ትርፉን የሚያገኘው ይህን ኃላፊነት ስለተሸከመ ነው። ምድጃውን ማንም ሳይገዛው፣ ማንም ሳይረከበው፣ ወረቀት ብቻ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ከሄደ ግን ተቃዋሚዎቹ ትክክል ናቸው፤ ለስሙ ብለን ማዳላት የለብንም። ለካርድ ድርጅቱ ያቀረብነውን ጥያቄ ለእስላማዊ ባንኩም እናቅርብ፦ በመካከል ምን ዕቃ አለ? ኃላፊነቱስ በማን ላይ ነው?

ስንት ያስፈልግሻል?

እስካሁን ያልኩት ለነጋዴው ነው። አሁን ወደ ሌላው ግማሽ ልሻገር።

አንዲት እኅታችን እንጀራ እየጋገረች ለሱቆች ታስረክባለች። ሁለት ትላልቅ ምጣዶቿ በአንድ ወር ውስጥ ተበላሹባት፤ ለመተካት 8 ሺህ ዶላር አስፈለጋት። ባንክ የክሬዲት ታሪኳ አጭር ነው አላት። ከላይ የገለጽኩት ዓይነት ገንዘብ ሲቀርብላት ከምትሰግድበት መስጂድ ሦስት ሰዎችን አማከረች። ሦስቱም ሐራም ነው አሏት። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ከሦስቱ አንዳቸውም "ስንት ያስፈልግሻል?" ብለው አልጠየቋትም። ምጣድ ከሌለ እንጀራ የለም፤ እንጀራ ከሌለ የቤት ኪራይ የለም። ገንዘቡን ወሰደች፤ 10,400 ዶላር ከፈለች። በዚያው ወቅት በዚያው መስጂድ በምእመናኑ መካከል በዕቁብ ይዞር የነበረው ገንዘብ ከ8 ሺህ ብዙ እጥፍ ነበር።

እርሷ ችግሯ ደሩራ የሚባለው ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር ወይ? ይህን የሚመዝኑት ዑለማ ናቸው፤ እያንዳንዱ ሰው ጉዳዩን ይዞ በግል መጠየቅ አለበት። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ 2,400 ዶላሩ የምን ዋጋ ነው?

ብዙ ካሰብኩ በኋላ የደረስኩበት ይህ ነው። ድርጅቱ ይህን ዋጋ ማስከፈል የቻለው እኛ ያላደረግናቸውን ሦስት ነገሮች ስለሚያደርግ ነው። አንደኛ፣ ሽያጯን በየቀኑ ስለሚያይ ታስገባ የነበረውን ገንዘብ በትክክል ያውቃል። ሁለተኛ፣ የሚመለስለትን ከሁሉም ቀድሞ ይወስዳል። ሦስተኛ፣ በአንድ ቀን ይወስናል። እኛ ደግሞ ልጅቷን አሥራ አምስት ዓመት እናውቃታለን፤ ልጆቿን እናውቃለን፤ ቃሏን እናውቃለን። ሒሳቧን ግን አናውቅም፤ ውል መጻፍ እናፍራለን፤ ለመወሰን ሦስት ስብሰባ ያስፈልገናል። ስለዚህ የማያውቃት ድርጅት አመናት፣ የምናውቃት እኛ ግን ቆመን ተመለከትን። ልዩነቱን ከፍላ የሸፈነችው እርሷ ናት።

አራጣን መከልከል ግማሽ ሕግ ነው። በዚያው በሱረቱል በቀራ ስለ አራጣ የሚናገሩት አንቀጾች የተቀመጡት ስለ ሶደቃ ከሚናገሩት ቀጥለው ነው፤ ከነሱም በኋላ ለተቸገረ ባለዕዳ ጊዜ ስለ መስጠት (2፥280) እና ዕዳን ስለ መጻፍ (2፥282) ይመጣል። አንዱን በር ስንዘጋ ሌላውን መክፈት አብሮ የታዘዝነው ነገር ነው።

በእጃችን ያለው

ምን ማድረግ እንችላለን? አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልገንም።

ዕቁብ። 20 ሰው በወር 1,000 ዶላር ቢያዋጣ 20 ሺህ ይሆናል፤ የካርድ ድርጅቱ ያቀረበው ገንዘብ ማለት ነው፤ ጭማሪ ግን የለውም። የነጋዴዎች ዕቁብ አቋቁመን የመጀመሪያዎቹ ዕጣዎች አስቸኳይ ጉዳይ ላለው እንዲሰጡ አስቀድመን መስማማት እንችላለን። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ዕጣው በጨረታ ሲሸጥ ነው። "ቀድሜ ልውሰድና ሁለት ሺህ ልተው" ከተባለ የሸሸነው ነገር በጓሮ በር ተመልሶ ገብቷል።

ቀርዱል ሐሰን። ከዘካው ሒሳብ የተለየ፣ ለመልካም ብድር ብቻ የሚውል ሣጥን። ጣሪያው ይወሰን፣ ለምሳሌ 10 ሺህ። ሁለት ዋስ ይጠራ። ተበዳሪው የስድስት ወር የካርድ ሽያጭ ዝርዝሩን ያሳይ። ሦስት ሰዎች ያሉት ኮሚቴ በአንድ ሳምንት ውስጥ አዎ ወይም አይደለም ይበል። ምስጢር ይጠበቅ፤ ሰው ችግሩን ሲናገር ነገ ቡና ላይ እንደማይወራበት ማመን አለበት።

ቅድሚያ ከፍሎ ማሠራት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሲገቡ ሰዎች ለቴምር ከአንድና ከሁለት ዓመት በፊት ዋጋ ሲከፍሉ አገኟቸው፤ አልከለከሏቸውም፤ መጠኑም ጊዜውም የታወቀ እንዲሆን አዘዙ። ይህን ወደ ራሳችን እናምጣው። አንድ መስጂድ በረመዷን በየማታው 200 ሰው ያስፈጥራል እንበል። በ30 ሌሊት 6,000 ሰሐን ነው። አንዱ በ8 ዶላር ቢታሰብ 48 ሺህ ዶላር ይሆናል። ግማሹን በሻዕባን ከጀመዓው ሬስቶራንቶች ለአንዱ አስቀድመን ብንከፍል 24 ሺህ ዶላር እጁ ገባ፤ ያለ ዕዳ፣ ያለ ጭማሪ። ገንዘቡን እንደሆነ በመጨረሻ መክፈላችን አይቀርም። ሰለም ወይም ኢስቲስናዕ የሚባሉት ውሎች የየራሳቸው መስፈርት ስላላቸው አጻጻፉን ዓሊም ይየው።

ሙሻረካ። ገንዘብ ያለው ሰው ከሚሠራው ጋር ይግባ፤ ትርፉን በስምምነት፣ ኪሳራውን በካፒታል ድርሻ ይካፈሉ። ይህ የሚሠራው መዝገቡ ክፍት ሲሆን ብቻ ነው። ግማሹን ሽያጭ የሚደብቅ ነጋዴ ሸሪክ አያገኝም።

ከማኅበረሰባችን ውጭም አንዳንድ በሮች አሉ። ኪቫ የተባለው ግብረ ሠናይ ድርጅት አሜሪካ ውስጥ ላሉ አነስተኛ ንግዶች እስከ 15 ሺህ ዶላር ያለ ወለድ የሚያበድርበት አሠራር አለው። ገንዘቡ የሚመጣው ከብዙ ሰዎች ነው፤ አመልካቹ አስቀድሞ የሚያውቁት ሰዎች ጥቂት ጥቂት እንዲያበድሩት ማሳየት ይጠበቅበታል። ይህ መስፈርት ለኛ ትልቅ ትርጉም አለው፤ የጁምዓ ሰጋጆች ብቻ ቢነሱ በአንድ ቀን ይሞላል። በሚኒያፖሊስ ደግሞ አፍሪካን ዴቨሎፕመንት ሴንተር የተባለው ተቋም ወለድ ለማይፈልጉ የምሥራቅ አፍሪካ ነጋዴዎች ከከተማው አስተዳደር ጋር በመሆን አማራጭ ፋይናንስ ሲያቀርብ ቆይቷል። በሌሎች ከተሞችም የከተማ አስተዳደሮችን ይህን መጠየቅ ይቻላል።

ለሚወስንና ለወሰነ

ከመፈረምህ በፊት ወንድሜ፣ አጠቃላይ የምትከፍለውን በዶላር ጻፈው፤ በስንት ወር እንደሚያልቅ አስላ፤ የግል ዋስትና እንዳለበት ተመልከት፤ ገበያ ሲቀንስ ቅነሳው የሚስተካከለው በራሱ ነው ወይስ ስታመለክት ብቻ ነው ብለህ ጠይቅ። በካሊፎርኒያ ከታኅሣሥ 2022፣ በኒው ዮርክ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ አቅራቢው ከመፈረምህ በፊት ዋጋውን በዓመት መቶኛ አስልቶ እንዲያሳይህ ሕግ ያስገድደዋል። በቨርጂኒያም ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ጠቅላላ ክፍያውን መግለጽ ግዴታ ነው። ይህ ሐላል አያደርገውም፤ ዐይንህን ግን ይከፍታል።

ገብተህበት ከሆነም አትሸማቀቅ፣ አትደብቅም። የመጀመሪያውን ለመክፈል ሁለተኛ አትውሰድ፤ ቤት ሲፈርስ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ነው። ሽያጭህ ከቀነሰ ማስተካከያውን በጽሑፍ ጠይቅ። ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መካከል ባለዕዳዎች እንዳሉበት አስታውስና ኢማምህን አናግር።

የሚበደረውም አማና አለበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳ ኖሮበት በሞተ ሰው ላይ ለመስገድ ቆመው፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ዕዳውን እኔ እሸከማለሁ እስኪሉ ድረስ አልሰገዱም። ቀርዱል ሐሰን ወስዶ ስልኩን የሚያጠፋ ሰው የሚበድለው አበዳሪውን ብቻ አይደለም፤ ከእሱ በኋላ ለሚመጣው ችግረኛ በሩን ይዘጋበታል። ስለዚህ እንጻፍ፤ ምስክር እንጥራ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ዕዳን ስለ መጻፍ የሚናገረው አንቀጽ ነው። በወንድማማቾች መካከል መጻፍ አለመተማመን አይደለም፤ መተማመኑ እንዲቆይ የሚደረግ ጥበቃ ነው።

ለማጠቃለል፣ አንድ ሰው ወደ እኛ መጥቶ ስለዚህ ገንዘብ ሲጠይቀን እውነቱን እንንገረው፤ አራጣን በስም ለውጥ አናለስልስ። ሐራም ነው ካልነው በኋላ ግን ዝም አንበል። ቀጥለን "ስንት ያስፈልግሃል? መቼ ያስፈልግሃል?" ብለን እንጠይቀው። በሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ የቀርዱል ሐሰን ሣጥንና የረመዷን ቅድመ ክፍያ ጉዳይ በአጀንዳ እንዲያዝ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ የምትስማሙ በስብሰባው ተገኝታችሁ ደግፉት።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን፤ ዕዳ ላለባቸውም መውጫ ያብጅላቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ